ልብስ ሰፊዋ በጠየቀችው መሠረት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከነይቅርታዬ ይድረስሽ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም ሳልመልስ ወር አለፈ። እሁድ እሁድ በስክሪን እንተያያለን ብዬ ተዘናጋሁ። ግን እማዬ አጠገብሽ ስለምትቀመጥ፣ እውነቱን ለመናገር የማየው አንቺን ሳይሆን ፈገግታሽን ነው።

«ፊት ለፊት እየተያየን ለምን በወረቀት ጻፊልኝ ትዪኛለሽ?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። የምትሰማ እናት ያላቸው ልጆች ሚስጥር ሲኖራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኛ ምን እናድርግ? እማዬ ጆሮዋ አይሰማ እንጂ የሚያመልጣት ነገር የለም። በእጃችን ብናወራ ታያለች፤ በአፋችን ብናወራ ከንፈራችንን ታነባለች፤ ዝም ስንል ደግሞ ፊታችንን። ስልኩም የጋራችሁ ነው፤ መልእክት ብልክ ካንቺ በፊት የምትከፍተው እሷ ናት። ስለዚህ ወደምትሠሪበት ፋርማሲ እጽፋለሁ፤ ከመድኃኒት ካርቶን ጋር ይድረስሽ።

ሚስጥሩ ይህ ነው። መሥሪያ ቤቴ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶች አንድ የቪዲዮ መነጋገሪያ ሶፍትዌር ሊመርጥ ነው፤ ለሠላሳ አንድ ትምህርት ቤት። የማጠናው እኔ ነኝ። አለቃዬ ጠርቶ «መልኩን አትንገሪኝ፤ በሕይወት መኖሩን ንገሪኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ባለፈው የመረጥነውን ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ጥለውት ሄዱ። ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፍቶ ልጆቹ አንድ ወር ሙሉ የመምህራቸውን እጅ ሳያዩ ቀሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው የሆነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ላይ ምን ያህል እየተሠራበት እንደሆነ እቆጥራለሁ። በዓመት ስንት ለውጥ ገባበት፣ ስንት ሰው ይሠራበታል፣ የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ። ሦስት ቀርተውኛል፤ ስምም አውጥቼላቸዋለሁ። «ባለጸጋው» የትልቅ ኩባንያ ንብረት ነው። «ሯጩ» ብዙ መቶ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ሳይለወጥ የሚያድርበት ቀን የለም። ሦስተኛውን ታውቂዋለሽ፤ እኛ ከእማዬ ጋር የምንነጋገርበት ነው። «እንቅልፋሙ» ብየዋለሁ።

እማዬ እንዳታውቅ የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ እንቅልፋሙን ከቤታችን ላስወጣው ነው። የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ፣ ጡረታ የወጣ የስልክ ቴክኒሻን። «ተጠቃሚ ካልጨመረ ከጥር በኋላ አልቀጥልም» ብሎ ገጹ ላይ ጽፏል። አንድ እሁድ ስንከፍተው ጨለማ ሆኖ ቢጠብቀን እማዬን በምን ላወራት ነው? ሳይሞትብን እንለውጠው።

ሌላም አለ። ባለፈው እሁድ ያንን አበባ አበባ ያለበትን ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ ራሷ የሰፋችልኝን። «አውልቂው፤ ጥቁር ልበሺ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «እጅሽን አታራግቢ፤ ደረትሽ ላይ ሰብሰብ አድርጊው» አለች። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት እኮ ነኝ! ሳቅሁ እንጂ ቅር ብሎኛል። ምን አጥፍቼ ነው? እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ።

ታናሽሽ ሚጡ

*

ጥቅምት 17

ለሚጡዬ፣

ደብዳቤሽ ከሳል ሽሮፕ ጋር ደረሰኝ። አለቃዬ «ይህ ደግሞ የማን ማዘዣ ነው?» ብሎ ሲያገላብጠው ነበር። «የቤተሰብ በሽታ ነው» ብዬ ተቀበልኩት።

የጠየቅሽኝን ከመጨረሻው ልጀምር፤ የመጀመሪያው ይከብደኛል። እማዬ አልተቀየመችሽም። ቀሚሱ አስጠልቷት አይደለም። አንቺ ዝም ብለሽ ጥቁር ልበሺ፤ እጅሽንም እንዳለችሽ ሰብስቢ። ለምን አትበይኝ። እኔም ሥራ ስገባ ነጭ ጋዋን ልበሺ ተብዬ «ለምን» አላልኩም።

ልብስ ስፌቷን አልተወችም። ከእንግዲህ ሙሉ ልብስ አትሰፋም እንጂ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች። መርፌው ላይ ክር የምሰካላት እኔ ነኝ። ዕድሜ ነው።

ሶፍትዌሩን ግን ተዪው፣ እህቴ። እንቅልፋም ከሆነ ይተኛ፤ እኛን አላስቸገረንም። አንዴ ባለጸጋውን ጎረቤት ቤት ሞክረነው ነበር። በየሳምንቱ ቁልፎቹን ቦታ እየለዋወጠ፣ እማዬ «ቤቴ ገብቶ ዕቃ የሚያዘዋውር እንግዳ» አለችው። እሺ በይኝ። ቢያንስ እስከ ጥር አትንኪው። አንዳንድ ነገር አለ፤ ስትመጪ እንጫወታለን።

እታለም

*

ኅዳር 2

እታለምዬ፣

«አንዳንድ ነገር አለ» ብለሽ ሰው እንቅልፍ ትነሺያለሽ። ቤቱ ሊሸጥ ነው? ታመሽብኛል? እሁድ ፊትሽን ላነብ ብዬ አንቺ ካሜራው ፊት አልቆም አልሽ። ጥቁሩን ለብሻለሁ፤ አይተሽ ከሆነ። እማዬ ደስ አላት። እኔ ግን ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ስለ ክሩ፣ መነጽር አሠሪላት። መነጽር ቤት ከፋርማሲሽ ጎን አይደል? ምን ትጠብቂያለሽ?

የቆጠራዬ ሠንጠረዥ አልቋል። ደክሜበታለሁና ትንሽ ልኩራ። ሯጩ በዓመት ከአራት ሺህ በላይ ለውጥ ገብቶበታል። አንድ ሦስተኛውን ማሽን ራሱ ነው የሚያስገባው፤ ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው። ባለጸጋው ኮዱን ለማንም አያሳይም፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል። እንቅልፋሙ? በሁለት ዓመት ሃያ ሦስት ለውጥ። ሃያ ሦስት! እኔ በሁለት ዓመት ከዚያ በላይ የፀጉር አሠራር ለውጫለሁ።

የሚያስቀውን ደግሞ ስሚ። ለውጦቹን በጨረፍታ ሳያቸው ምስሉን እያሳነሰው ነው የሚሄደው! ዓለም ሁሉ ስክሪን ሲያሰፋ ሰውየው ያጠባል። ባልደረቦቼ «ወደ ኋላ የሚያድግ ሶፍትዌር» ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሪፖርቴም ላይ ጻፍኩት።

አለቃዬ ኅዳር 20 ይፈርማል። ከዚያ እማዬን ወደ ሯጩ አሻግራታለሁ። ባንወድም እንለምደዋለን። እስከ ጥር ጠብቂ ያልሽውን ግን ምክንያቱን ካልነገርሽኝ አልችልም።

ሚጡ

*

ኅዳር 9

ሚጡ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፤ ሰው መድኃኒት ሊወስድ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው የምጽፍልሽ።

ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት የእንቅልፋሙን የለውጥ መዝገብ አንብቢ። ቁጥሩን አይደለም፣ ጽሑፉን። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ፣ ከነቀኑ። አንድም እንዳያመልጥሽ።

ለእማዬ እጇን ይዤ ምያለሁ፤ «ለሚጡ አልነግራትም» ብያለሁ። አልነገርኩሽምም። አንብቢ ነው ያልኩሽ።

እታለም

*

ኅዳር 16

እታለም፣

አነበብኩ።

ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ። ሃያ ሦስቱንም ከታች ወደ ላይ። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ግን እጄ እንዲያምናቸው ጥቂቶቹን ልገልብጣቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥቅምት፦ «ልብስ ሰፊዋ በጠየቀችው መሠረት ከተናጋሪው ጀርባ ያለው ሁሉ ጥቁር እንዲሆን ማድረግ ተችሏል።»

በዚያው ዓመት፣ የካቲት፦ «ልብስ ሰፊዋ በጠየቀችው መሠረት ምስሉን ማሳነስና መሐል ላይ ማኖር ተችሏል። ልክ፦ ሃያ ሁለት ሴንቲሜትር።»

ሰኔ፦ «ልክ፦ አሥራ ስምንት።»

አምና ኅዳር፦ «እጆች ከክቡ ሲወጡ ምስሉ ተከትሏቸው ይሄዳል። ሐሳቡ የልብስ ሰፊዋ ነው። ልክ፦ አሥራ ሦስት።»

ዘንድሮ መስከረም፦ «ልክ፦ ዘጠኝ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይህን ልክ እየተጠቀሙበት ነው። ልብስ ሰፊዋን አመሰግናለሁ።»

መጀመሪያ «እንዴ፣ እንደ እማዬ ያለች ሌላ ልብስ ሰፊ አለች» አልኩ። ሰው ሊያምን ያልፈለገውን ነገር እንዲህ ነው የሚሸሸው። ከዚያ ቀሚሱ ትዝ አለኝ። ጥቁር ልበሺ፤ እጅሽ እንዲታየኝ። እጅሽን ደረትሽ ላይ ሰብስቢ፤ ከክቡ እንዳይወጣብኝ። እኔ ደግሞ ተቀየምኩ። መነጽር አሠሪላት አልኩሽ። ወደ ኋላ የሚያድግ ብዬ አሳቅሁ፣ እታለም! የእናቴን ዓይን ነው ለካ ሰው ሰብስቤ ያሳቅሁበት።

ቁጥር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። እነዚያን ሃያ ሦስት መስመሮች ቆጥሬያቸው ነበር። አንድ ደቂቃ ወስጄ ባነባቸው ኖሮ በጥቅምት አውቅ ነበር።

ተናድጄብሻለሁ። ሁለት ዓመት! ግን ይህን እየጻፍኩ ንዴቱ እየከዳኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰውየው ደብዳቤዋን የጻፍሽላት፣ ክሯን የሰካሽላት፣ እሁድ እሁድ አጠገቧ ተቀምጠሽ የሳቅሽልኝ አንቺ ነሽ። ምን ብዬ ላመስግንሽ? እግዜር ይስጥልኝ ማለት አነሰብኝ፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም።

አሁን ንገሪኝ። ስንት ይታያታል? ሐኪሙስ ምን አለ? እንዳታሳንሺልኝ።

ሚጡ

*

ኅዳር 24

ለሚጡዬ፣

ደብዳቤሽን መድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ቤት ሄድኩ። ምን ዋጋ አለው! ገና በሩን ሳልዘጋ እማዬ «ነገርሻት» አለችኝ። «አልነገርኳትም፤ አንብቢ ነው ያልኳት» አልኳት። ትንሽ አሰበች፣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ «ተመስገን፤ ደክሞኝ ነበር» አለች።

አላሳንስልሽም። ሐኪሙ ያኔ የነገረን፣ አንዳንድ ሰው መስማት ሳይችል ሲወለድ ዓይኑም በኋላ ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል። መሐሉ ይቆያል። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። የሚመልሰው መድኃኒት የለም። «ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ አምስትም ሊሆን ይችላል» አለን። ሁለቱ አልፏል።

ልኩን እንዴት እንደምንወስድ ልንገርሽ። ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጥረናል፤ ለአንድ ኮት ገዝታው የቀረ። ከስክሪኑ የምትርቀውን ያህል ርቃ ትቀመጥና መሐሉን ትክ ብላ ታያለች። እኔ የልብስ ጠመኔዋን ከዳር ወደ መሐል አመጣለሁ። ስታየው ታጨበጭባለች፤ እዚያው ምልክት አደርጋለሁ። ዙሪያውን ስንጨርስ ክብ ይወጣል፤ በሜትሯ ትለካዋለች። «ልክ ሳይወሰድ የሚቆረጥ ልብስ የለም» ትላለች። ከዚያ በትርጉም ማሽን እየታገዝኩ ለሰውየው እጽፍለታለሁ። መጀመሪያ ስንጽፍለት ያሾፍን መስሎት ነበር። ቀጥሎ የመለሰው አንድ መስመር ነው፦ «ከስክሪኑ ስንት ሴንቲሜትር ርቃ ትቀመጣለች?» ከዚያ ወዲህ እንደ ልብስ ስክሪኑን በልኳ ሲሰፋላት ኖረ። እንቅልፋም ያልሽው ልክ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው ነው።

ለምን ደበቅን? አንቺ ገና ሥራ የያዝሽበት ጊዜ ነበር። «ያቺ ልጅ ከሰማች ሻንጣዋን ይዛ ነው የምትመጣው» አለች። «ለእኔ አንድ ዓይን ትሆናለች፤ እዚያ ብትቆይ ግን ለስንት ልጅ ትሆናለች።» አጥፍተናል። ሰው የሚወደውን ላለመጉዳት ሲል ያስቀይማል፤ ይቅር በይን።

ለሥራሽ ግን ስለ እኛ ብለሽ ውሸት እንዳትጽፊ። እሷም «ለእኔ አድልታ ልጆቹን እንዳትጎዳ» ብላሻለች።

እታለም

*

ታኅሣሥ 12

ለእታለም፣ ለእማዬም ጭምር፤ ከእንግዲህ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡት።

«ምን ደረሰ?» ማለታችሁ አይቀርም፤ እንዲህ ነው የሆነው። ከመፈረሙ በፊት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሪፖርቴን መልስልኝ አልኩት። «ልብስ ሰፊዋ እናቴ ናት፤ ስለዚህ እኔ ብቻዬን ልፈርድ አይገባም፤ መለኪያዬም ጎዶሎ ነበር» አልኩት። ከዚያ ጉዳዩን ማዶ ጠረጴዛ ላለችው ባልደረባዬ ሰጣት። እሷ ለማንም አታዳላም፤ በልደቷ ቀን እንኳ ኬኩን በማስመሪያ ነው የምትቆርጠው።

አንድ ዓምድ ግን እንድትጨምር ጠየቅኋት፦ «ሲጠየቅ ምን አደረገ?» በአንዱ ትምህርት ቤት የግራ ዳር ብቻ የሚታየው ተማሪ ነበረ። ለሦስቱም እኩል አንድ ዓይነት ጥያቄ ላከች፤ ምስሉን ወደ ግራ ጠርዝ ማጥበብ ይቻላል ወይ ብላ። ባለጸጋው ወዲያው መለሰ፦ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው።» ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሯጩ ላይ ስድስት ሰዎች ተነስተው ተከራከሩ፤ ጨዋ ክርክር ነው፣ እስከ ዛሬም አላለቀም። እንቅልፋሙ አራት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን አንድ መስመር መጣ፦ «ከግራ ጠርዝ ስንት ሴንቲሜትር?»

ባልደረባዬ ሳትስቅ ሜትር ልትፈልግ ወጣች። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው፤ እማዬ፣ አትደንግጪ።

ሁሉም እንደምፈልገው አልሆነም። አለቃዬ «አንድ ሰው አንድ ነው። ነገ ጉንፋን ቢይዘው ሠላሳ አንድ ትምህርት ቤት አብሮት ያስነጥሳል» አለ። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ሃያው ወደ ሯጩ ሄዱ። ዓይናቸውም የደከመ ልጆች ያሉባቸው አሥራ አንዱ እንቅልፋሙን ወሰዱ። የእኛ ሁለት ሠራተኞች በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ከሰውየው ጋር እንዲሠሩ ተመድበዋል። አንድ የነበረው ሦስት ሆነ። ከገጹ ላይ «አልቀጥልም» የሚለው ተነስቷል።

ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ስለ እናቴ አመሰገንኩት። አሁንም አንድ መስመር ነው የመለሰው፦ «ልኩን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሥራ ያቀላል።» ይህን ሰው አንድ ቀን ጉልበቱን ብስመው ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ዜና። እማዬ፣ ሻንጣዬን ይዤ እንዳልመጣ ሁለት ዓመት ደበቅሽኝ። እመጣለሁ፤ ግን ሥራዬን ጥዬ አይደለም። የሁለት ወር ፈቃድ አለቃዬ ራሱ ፈርሞልኛል። ክቡ የጠበበ እንደሆነ፣ ተናጋሪው እጁን በሰሚው መዳፍ ውስጥ እያኖረ የሚያወራበት መንገድ እንዳለ ከትምህርት ቤቶቹ አንዲት መምህርት ነግራኛለች። አሁን፣ ገና እያየሽኝ ሳለ፣ ሦስታችንም እንማረው። ወደ ሥራዬ ስመለስ ለልጆቹም አስተምራለሁ። ጥር 3 እደርሳለሁ።

ስለ ሁሉም ነገር፣ ስለ ደበቃችሁኝም ጭምር፣ አመሰግናችኋለሁ።

ሚጡ

*

ታኅሣሥ 26

ለሚጡዬ፣

ደብዳቤሽን ለእማዬ መስመር በመስመር በእጄ ነገርኳት። የአለቃሽ ጉንፋን ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች። «ኬኩን በማስመሪያ» የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ፤ «ያቺን ልጅ ልብስ ስፌት ባስተማርኳት» አለች።

ጥቁሩን ጨርቅ ከግድግዳው ልናወርደው ነበር፤ ተዪው አለች፤ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ስታዪው ደስ እንዲልሽ። ዛሬ ጠዋት እንደገና ለካን። ስምንት ተኩል ነው። ለሰውየው ጽፌለታለሁ።

መልእክት አላት። እጇ እንዳለው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልሽ፦

«ልጄ፣ ስትመጪ ጥቁር አትልበሺ። ጥቁሩ ለስክሪኑ ነበር። እዚህ እጅሽ በእጄ ውስጥ ነው የሚሆነው፤ ቀሚሱ አይጋርደኝም። አበባ አበባውን ልበሺልኝ። ስሰፋው ስንት አበባ እንዳለው ቆጥሬያለሁ፤ በሩ ላይ ቁሚና አንድ በአንድ ልያቸው።»